ሙቀት ልገዛ ወጣሁ

ድሬዳዋ ላይ፣ በግንቦት፣ በቀትር፣
ሙቀት ልገዛ ወጣሁ፤ ሳቁብኝ፣ አልደብቅም ነገር።
«ሙቀት?» አለ ባለባጃጁ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣
«አንተ ሰውዬ፣ በነጻ የሚታደለውን ማን በብር ፈለገ?»

እኔ የምሻው የማይዋዥቅ ነው፤ መቶ ሰማንያ ላይ ደርሶ
ከጥግ እስከ ጥግ እኩል የሚግል፤ የቶነሩን ዱቄት እንደ ሰም አልስልሶ
መዳቡ ላይ የሚያትም።

የሳቢያን ሰፈር ታንከር ሌሊት ሞልቶ ይፈሳል፣
ዘበኛው አብዲሸኩር ሞተሩን ማጥፋት ይረሳል።
ሁለት ትራንዚስተር፣ አንድ ሪሌ፣ ስድስት ሬዚስተር፤
ቦርዱ ከሲጋራ ፓኮ አይበልጥም፤ ጣጣው ግን እንደ ባቡር።

ታይዋን ገበያ ገባሁ። ካውያ ተደርድሯል እንደ ጫማ፣
ሁሉም ሆዱ የተበሳ፣ ሁሉም እንፋሎት የሚያሰማ።
«ቀዳዳ የሌለው የለህም?» «ወንድሜ፣ ዘመኑ ተቀየረ!»
ገዛሁ። ሞከርኩ። ቀዳዳው ያለፈበት መስመር ሁሉ ሳይታተም ቀረ።
ቴርሞስታቱም «ቀጭ» ሲል ይሞታል፣ «ቀጭ» ሲል ይነዳል፤
ሲቀዘቅዝ አይዝም፣ ሲግል ሁለቱን መስመር ያዋህዳል።

ጉሌድ ጋ ሄድኩ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት፤
ላሚኔተሩ የመታወቂያ ነው፣ ሙቀቱ የብብት ዓይነት።
«ስንቴ ላሳልፈው?» «እስኪይዝ።» አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት፤
አሥራ አምስተኛው ላይ ሮለሩ አቃስቶ ቆመ፣ ነከሰ፤
«ነገ የአርባ ተማሪ መታወቂያ አለብኝ!» ጉሌድ ለማልቀስ ደረሰ።
እውነቱን ልናገር፦ የወጣው ግማሽ እኩል ነበር፣ ጥርት ያለ፤
ካውያ በጉልበት ያጣውን ይሄ በዝግታ አገኘ፤ ትንሽ ሙቀት ብቻ ጎደለ።

ከፊራ በር ሥር ሩመና ትሰፋለች። ሱሪዬን ላሳጥር ሰጥቻት ነበር፤
ኪሱ ውስጥ የከሸፈ ቦርድ አግኝታ ታገላብጣለች በጣቷ ዳር።
«ይሄን ምን ነካው?» «ካውያ።» «ትገፋዋለህ?» «አዎ፣ እንደ ልብስ፣ ወዲያ ወዲህ።»
«ልብስ ማን ይገፋል? ወረቀትህ የሸሸው ለዚያ ነው፤ አንሳና ጫን፣ አንሳና ጫን፣ እንዲህ።»

ከወንበሯ ሥር አንዱን ሳበች፤ ከሰል የሚጎርስ፣ ሆዱ ድፍን፣
መቀርቀሪያው አውራ ዶሮ፣ ክብደቱ ክንድ የሚያደነዝዝ የሚሆን።
«አባቴ የሽሚንደፈር ዩኒፎርም ይተኩስበት ነበር። መብራት ቢሄድ አይሞትም።
ውሰደው፤ ለማታ ካልመለስከው ግን አልምርህም።»

ቃላችን ይገርመኛል፤ ልብስም ይተኮሳል፣ ጥይትም፣ የታመመ ልጅም ትኩሳት አለው፤
እኔ ያን ቀን የተኮስኩት ግን ውሃ እንዳይፈስ ብዬ ነው።

ቴርሞሜትሬ ምራቅ ነው፦ «ጭዝ» ካለ ደህና፤
ዘሎ ካመለጠ ይብረድ፣ ይጠበቅ እንደገና።
አነሳሁ፣ ጫንኩ፣ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፤
አነሳሁ፣ ጫንኩ፤ ጥጉን ረስቼ ተመለስኩ።
ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ ወረቀቱ በአውራ ጣቴ ተላጠ፣
ሰሙ መዳቡን ይዞ ቀረ፤ ከሪሌው እግር ሥር ብቻ
ፍንጣሪ ፍም ወድቆ አንድ መስመር ቆረጠ።

አሲዱ ራቁቱን በላ፣ ሰም የለበሰውን ማረ።
ሰሙን በአሴቶን ሳጥበው እንደ ቅኔው ወርቅ አልወጣም፤
መዳብ ነው የወጣው፣ ቀይ፣ ጭረት ያለበት፣ ግን አያሳፍርም።
የተቆረጠውን በፀጉር ሽቦ ቀጠልኩ፤
ማታ ታንከሩ ሞላ፣ ሪሌው «ጠቅ» አለ፣ ሞተሩ ዝም፤
አብዲሸኩር ደንግጦ ነቃ፣ ዝምታ ለምዶ አያውቅም።

ጉሌድ እስካሁን ይጠይቀኛል፣ «እና የቱ ይሻላል?»
አሸዋ ሰፈር የሞተ ላሚኔተር ገዝቻለሁ፤ ሆዱ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል፤
ሞተሩን ላዘግመው፣ ሙቀቱን ከፍ ላደርገው፣ ምናልባት፤
እስከዚያው የከሰሉ ካውያ እኔ ዘንድ ነው፣ ሦስት ሳምንት።
ሩመና ግን ሞኝ አይደለችም፤ ነገሩን ቀድማ አውቃለች፣
ሱሪዬን ሳታሳጥር፣ በመያዣነት፣ ሚስማር ላይ ሰቅላለች።